ከነላስቲኩ

ጥቅምት 12

ለእህቴ ልጅ፣ ለሽቦ፣

ባለህበት ሰላም ይብዛልህ። ጉልበትህ አይድከም፣ ከሰው አትነስ። እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ ፔዳሏ ብቻ እንደ እኔ ጉልበት ይንቋቋል። ሰፈሩ ሁሉ ሰላም ይልሃል፤ ሬዲዮናቸውን ፈትተህ ያልገጠምክላቸው ሳይቀሩ።

ይህን ካልኩ ወደ ነገሬ ልግባ። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት።

አዎ፣ ከሰው አገር ገንዘብ ልከህ ለእናትህ ያስገዛህላትን። "መጥቼ በእጄ እስክከፍተው ማንም እንዳይነካው" ብለህ ስለጻፍክላት ከነካርቶኑ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ቆሞ የከረመውን። እህቴ ያንን ቃል እንዴት እንደጠበቀች የነገርኩህ አይመስለኝም። ጠዋት ስትነሳ አቧራውን ትጠርግለታለች። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ካርቶኑ ላይ ያለውን የቴሌቪዥን ሥዕል እያሳየች "ልጄ መጥቶ ይከፍተዋል" ትላለች። ጎረቤታችን ጡረተኛው አንድ ቀን ኳስ እንይበት ብሎ ቢላዋ ቢያነሳ እጁን ነው የመታችው። ከታመመችም በኋላ አላስነካችም። ባለፈው ሚያዝያ ስትሞት እንደታሸገ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔም ጨርቅ ጣል አድርጌበት ተውኩት። አንተ ለቀብሯ አልመጣህም፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣህም። ባለፈው ሳምንት ክፍሏን ሳጸዳ ጨርቁ ተንሸራቶ ወደቀና ካርቶኑን አየሁት። ደሜ ፈላ። መቀሴን አምጥቼ ቀደድኩት። ላስቲኩን፣ ፎሙን፣ ገመዱ የታሰረበትን ማሰሪያ ሳይቀር አንድ በአንድ አውጥቼ አስቀመጥኩ፤ ታውቀኛለህ፣ እኔ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ አልጥልም። ጡረተኛው ሰካው። እምም አለ። መሃሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር ተሰመረ። ከዚያ ጨለመ፣ በቃ። ነቅለን ብንሰካ፣ ሶኬት ብንቀይር፣ በጀርባው ቸብ ብናደርገው ያው ነው።

በጋሪ አስጭነን ወደ ሱቁ ወሰድነው። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያወራ ሰው ነው። ደረሰኙን ገለጥ አደረገና ዋስትናው የአንድ ዓመት ነው፣ አልፏል አለኝ። የተከፈተው ገና አሁን መሆኑን ነገርኩት። የሚቆጠረው ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ነው አለ። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አስቀመጣችሁት ብሎ እየሳቀ ጠየቀኝ፣ ሞኝ እንደሚጠየቅ። መልሱን አላጣሁትም፤ ግን ያንተን ነገር እዚያ ሰው ፊት ማውጣት አልፈለግኩም። ዕቃውን እዚያው ጥዬለት ወጣሁ።

እንዲለወጥ እፈልጋለሁ። ደረሰኙ በስምህ ነው፤ አንተም የምትሠራው በዚሁ በኤሌክትሪክ ዕቃ ነው ብለኸናል። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህና ጻፍልኝ።

አክስትህ፣ ልብስ ሰፊዋ


ኅዳር 25

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ዓይንሽን ያበርታልሽ፤ እጅሽን ከበረከት አይለየው። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ አጥንት ድረስ ይገባል። ሥራ በዝቶብኝ መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስለ ዕቃው የጻፍሽውን አነበብኩ። እትዬ፣ ልሸነግልሽ አልፈልግም፤ ባለሱቁ ያለሽ ትክክል ነው። እኔ የምሠራው የተበላሸ ዕቃ ተመልሶ በሚገባበት መጋዘን ነው። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ የማይሞቅ ምድጃ፣ የማይናገር ሬዲዮ፣ የማይተኩስ ካውያ ይደረደራል። በግራዬ አረንጓዴ ሳጥን አለ፤ በቀኜ ቀይ። ደረሰኙን አየዋለሁ። ቀኑ ካላለፈ በአረንጓዴው ይገባል፣ ይለወጣል። ካለፈ በቀዩ ይገባል፤ ማህተም መትቼበት ወደ ባለቤቱ እመልሰዋለሁ። በአንድ ቀን ያለፈም ቢሆን አልፏል። ሰዎቹ አንዳንዴ ወረቀት ያያይዙበታል። አንዱ ታምሜ ነበር ይላል፣ ሌላው ቤት ስቀይር ነበር። እኛ የምናየው ቀኑን ነው እንጂ ያንን አናነብም። ብናነብ ሥራው አያልቅም።

ስለዚህ በከንቱ አትድከሚ። በሚቀጥለው ወር ለሌላ የሚሆን ገንዘብ እልክልሻለሁ። የተበላሸውን ለጠጋኝ ስጪው፤ ለመለዋወጫ ይፈልገዋል።

ፈቃዴ ዘንድሮም የሚመቻች አይመስለኝም። ሲመቻች እመጣለሁ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

አክባሪሽ፣ የእህትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 14

ለቀዩ ሳጥን ሹም፣

ሹመትህን ያጽናልህ። ብርዱንም ያቅልልህ። እኛ ደህና ነን፤ እኔ ከንዴት በቀር ምንም አላመመኝም።

ደብዳቤህን ለጡረተኛው አነበብኩለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ "የባለሱቁ ወንድም ነው እንዴ የጻፈልሽ?" አለኝ። ስለ ብርዱ ጽፈሃል። ስለ ማህተምህ ጽፈሃል፣ ስለ ሳጥኖችህ ቀለም ጽፈሃል። "እማዬ" የምትል ቃል ግን ገልብጬ ፈልጌ አጣሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ላልፈው ነበር፤ አልቻልኩም።

ገንዘብህን አትላክ። ከላክህም ከነፖስታው ትመለስልሃለች። እኔ የምፈልገው ሌላ ቴሌቪዥን አይደለም፤ ለእህቴ የተሸጠላት ደህናው ቴሌቪዥን ነው። የተሸጠላት ደህና ነው ተብሎ ነዋ።

አሁን እኔም የሙያዬን ልንገርህ። የሰፈራችን ነርስ ልጅ የሰርግ ቀሚሷን እኔ ነኝ የሰፋሁላት። ሰርጉ ተራዘመና ቀሚሱ ሻንጣ ውስጥ ከረመ። በለበሰችበት ጠዋት ጎኑ ተተረተረ። ታዲያ የሰፋሁልሽ አምና ነው አልኳት? እዚያው ተንበርክኬ፣ ሙሽራው ውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቀ፣ ከላይዋ ላይ ሰፋሁላት። ልብስ ዕድሜው የሚቆጠረው ሰው ከለበሰው ወዲህ ነው። ሻንጣ ውስጥ ያሳለፈው ጊዜ አያረጀውም፤ ካረጀውም ጥፋቱ የሰፊው ነው። ይህ ደግሞ የኔ ብቻ ደንብ አይደለም፤ መርፌ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ይህንኑ ለባለ መነጽሩ ነገርኩት። ቴሌቪዥን ቀሚስ አይደለም አለኝ። እንግዲያው እስኪገባን ድረስ አብረን እንቆያለን አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቤቴ መኪናዬ ላይ እሠራለሁ፤ ከምሳ በኋላ የእጅ ሥራዬን በዘንቢል ይዤ ሱቁ እሄዳለሁ። ከትልልቆቹ ቴሌቪዥኖች አጠገብ ለደንበኛ የተቀመጠች ወንበር አለች። እሷ ላይ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የሱሪ እግር አጥፋለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ለገዢ አልናገርም፤ ከጠየቀኝ ግን እመልሳለሁ። ትናንት ባልና ሚስት ሲያማርጡ ቆይተው እማማ እርስዎም ሊገዙ ነው አሉኝ። ገዝቻለሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ ሞቶ አገኘሁት አልኳቸው። ተያይተው ወጡ። ባለሱቁ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየኝ። እኔም ክሬን በጥርሴ በጥሼ አየሁት።

ባለሱቁ በሳቅ ይሁን፣ አንተ በማህተም፣ እህቴ የጠበቀችውን ዓመት "አልፏል" የሚል ሰው ካለ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንለትም። ይህን ሳጥንህ ላይ ጻፍበት።

አክስትህ


ጥር 9

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። መልስ አልመጣም። ተቀይመህ ከሆነ ተቀየም፤ እኔ ግን የጀመርኩትን እነግርሃለሁ።

ባለሱቁ መጀመሪያ ወንበሯን ወደ ጓዳ አስገባት። እኔ ከቤቴ በርጩማ ይዤ መጣሁ። ቀጥሎ ጥበቃውን ጠርቶ ይቺን ሴትዮ ወደ ውጭ ሸኛት አለው። ጥበቃው ኮሌታውን የገለበጥኩለት ሰው ነው፤ ጣራውን እያየ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሻጯም የቀሚስ ዚፕ በሥራ ሰዓት ተበጥሶባት ጓዳ ወስዳ አሰፋችኝ። አሁን ውሃ ታቀርብልኛለች፤ ባለሱቁ ሲያያት ደግሞ ለራሷ የቀዳችው ትመስላለች።

ይህ ሁሉ አልሆን ሲለው ሊያባብለኝ ሞከረ። ጠግነን እንስጥሽ አለ። እምቢ አልኩ። እንግዲያው ለማሳያ በርቶ የከረመ አለ፣ ትንሽ ነው፣ እሱን ውሰጂ አለ። ሌላ ሰው ዓይቶ የጨረሰውን እህቴ አልጠበቀችም አልኩት። ፊቱን አጠቆረ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ አመጣ፣ አሁን ግን ሳይስቅ ነው። ማነው አትክፈቱት ያላችሁ አለኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበረ፤ ቢሆንም ነገርኩት።

"የእህቴ ልጅ ነው። 'መጥቼ እከፍተዋለሁ' አላት፤ እሷም አመነችው። ሞኝነት ከሆነ የሷ ብቻ አይደለም፣ እኔም አምኜዋለሁ።"

"ታዲያ መጣ?"

መርፌዬን ፈለግኩ። ጣቶቼ መሃል ነበር። ባለሱቁ ወደ ደንበኞቹ ዞረ። እኔም ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ከሰዓቴ በፊት የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። በማግስቱ ተመልሼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰውዬው መልስ አልተሰጠውም። የሱን ጥያቄ የምትመልስለት አንተ ነህ።

አክስትህ


ጥር 29

እትዬ፣

እንደ ወጉ ጤናሽን ጠይቄ ልጀምር ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ፈጣሪ ይጠብቅሽ። መልሱን ልስጥ፤ ልጇ አልመጣም በይው።

እማዬ መሞቷን የሰማሁት ጠረጴዛዬ ላይ እያለሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ማህተሜን ስመታ ዋልኩ፤ ስንት ዕቃ በየት ሳጥን እንደጣልኩ አላውቅም። ፈቃድ ቢሰጡኝም አልመጣም ነበር። ካርቶኑን ፈርቼ ነው። በሩን ከፍቼ ስገባ እሷ የለችም፣ እሱ ቆሟል። ተሰብሮ ወይም ተሰርቆ በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ። መበላሸቱን ስትጽፊልኝ ደስ አለኝ፤ እዚያው ይቅር፣ ውሃ ይብላው ብዬ ነው አትድከሚ ያልኩሽ። አንቺ ግን በርጩማ ይዘሽ ሄድሽ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሬዲዮ ጠረጴዛዬ ላይ መጣች። ቀኗ ካለፈ ቆይቷል። ማህተሙን አንስቼ ሳለ የድምፅ ማጉያዋ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንዳለ አየሁ፣ አልተላጠም። ወረቀት ተያይዟል። አነበብኩት። "አልከፈትናትም ነበር። ሰው እየጠበቅን ነበር" ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። እነማን እንደሆኑ አላውቅም። የአገሬ ሰዎችም አይደሉም። ሬዲዮዋን አረንጓዴው ውስጥ አስቀመጥኳት።

አለቃዬ አይቷት ወደ ቀይ ወሰዳት። እኔ ወደ አረንጓዴ መለስኳት። እንደገና ወሰዳት፣ እንደገና መለስኳት። መጋዘኑ ሁሉ ሥራውን ትቶ ያየን ጀመር። ቀኑን አላየህም ወይ አለኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ አለቃ ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ በሰው ቋንቋ ስናገርም እሰባበራለሁ። ያን ዕለት ግን አልተሰባበርኩም።

"የዚች ዓመት የጀመረው የተከፈተች ቀን ነው" አልኩት። "አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷን ጠይቃት።"

ሬዲዮዋ ተለወጠች፤ ሰው ሁሉ እያየ ስለነበር ይመስለኛል። ማህተሙን ግን ነጥቀውኝ ከመኪና ዕቃ ከሚያራግፉት ጋር መድበውኛል። ወገቤን ይቆርጠኛል። እንቅልፍ ግን እንደ ልጅነቴ ይዞኝ ያድራል።

አሁን ስሚኝ፣ ይህን ከዚያ ጠረጴዛ ያወቅኩት ነው። ባለሱቁ የሚለውጥልሽ ከኪሱ አይደለም። ዕቃውን ለሱ የሚያመጣለት አከፋፋይ አለ፤ ፋብሪካው ያበላሸውን የሚተካው እሱ ነው። አከፋፋዩ ደግሞ ባለሱቁ ከጻፈለት ከቀኑ ይልቅ አጥብቆ የሚያየው ዕቃው ተሠርቶበት እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። ካርቶኑን፣ ፎሙን፣ ላስቲኩን፣ የገመዱን ማሰሪያ ሁሉ ወስደሽ ፊቱ ዘርጊለት። ከነዚህ ጋር ወደ አከፋፋዩ ላክ በይው። እምቢ ካለሽ ልቡ ያውቃል፣ የሰነፈው ለመጻፍ ነው። ንቅንቅ እንዳትዪ።

እመጣለሁ ብዬ አልጽፍልሽም። ያቺን ቃል ለእማዬ ጽፌላት የሆነውን አይተናል።

ያንቺው ሽቦ


መጋቢት 4

ለልጄ፣ ለሽቦ፣

እጅህ ይባረክ። ያቺን ሬዲዮ ያነሳችውን እጅ ማለቴ ነው። ወገብህን በሙቅ ውሃ ጨርቅ ያዘው፤ ዕቃ ስታነሳ ከጉልበትህ እጠፍ እንጂ ጀርባህን አታጉብጥ። ደብዳቤህን ለጡረተኛው አነበብኩለት። "አሁን ገና የራሱ ጽሑፍ መጣ" አለ። ከዚያ ዓይኔ ውስጥ ነገር ገባ ብሎ ወጣ።

እንዳልከኝ አደረግኩ። ካርቶኑን ጡረተኛው ተሸከመው። ላስቲኩን እንደ ጨርቅ አጣጥፌ፣ ማሰሪያዋን በክር ሳጥኔ ውስጥ አድርጌ ሄድኩ። የባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አወረደ። ፎሙን ገለበጠ፣ ላስቲኩን በብርሃን አየው፣ ማሰሪያዋን በጣቱ ነካካት። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ገጥሞኝ አያውቅም አለ። አሁን ገጠመህ፣ ለአከፋፋዩ ጻፍ አልኩት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጻፈ። አከፋፋዩ እስኪመልስም በርጩማዬን አላነሳሁም፤ የተጻፈ ሁሉ ይላካል ብዬ አላምንም።

አዲሱ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ባለሱቁ ራሱ ገፍቶ አመጣልኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሰው የሚለውን መስማት የረሳ ነው። እንደታሸገ ውሰጂው፣ ልጁ ሲመጣ ይከፍተዋል አለኝ። ሊያስደስተኝ ብሎ ነው።

"አይሆንም" አልኩት። "ይኸኛው ማንንም አይጠብቅም።"

መቀሴን ከዘንቢሌ አውጥቼ ካርቶኑን እዚያው ገዢዎቹ ፊት ቀደድኩት። ሻጯ ሰካችው። በራ። አንድ ሰው ስለ ዝናብ ሲያወራ ታየ፤ ከንፈሩና ድምፁ እኩል ይሄዳሉ። አጥፉት አልኩ፣ አብሩት አልኩ። ደግሜ አስጠፋሁ፣ ደግሜ አስበራሁ። ከዚያ አስጭኜ ወጣሁ። ትናንት ባለሱቁ በጥበቃው መልእክት ልኮብኛል፤ ደንበኞች ሱሪ ይዘው እየመጡ ሰፊዋ የት ሄደች ይሉታል አሉ።

ቴሌቪዥኑ እህቴ ክፍል ገብቷል፣ ከአልጋዋ ፊት ለፊት። ጡረተኛው ኳስ እያየ ይጮህበታል። እሷ ብትኖር እጁን ትመታው ነበር። አንዳንዴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ ሳይ ይህን ሳታይ ሄደች እላለሁ፤ ያንገበግበኛል። ያም ሆኖ ግን ክፍሉ ዝም ከማለት ይሻለዋል።

የምትፈራው ካርቶን ከእንግዲህ የለም። ያኛው ከተበላሸው ዕቃ ጋር ወደ አከፋፋዩ ሄዷል። የአዲሱን ደግሞ ለልብስ መቁረጫ ልክ አደረግኩት፤ ጠንካራ ነው፣ ጥሩ ኮሌታ ወጥቶታል። ከጀርባው የአንድ ሸሚዝ ልክ ቆርጫለሁ። ትከሻውን ያንተ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነው የቆረጥኩት። ዕቃ ማራገፍ ከጀመርክ ደግሞ ሰፍቶ ይሆናል፤ ሳልለካ መስፋት አልወድም።

አንድ ነገር ብቻ አልከፈትኩም። ሪሞቱን። ከነላስቲኩ እናትህ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ድምፅ ለመጨመር እየተነሳን ቁልፉን እንጫናለን፤ ጡረተኛው በየቀኑ ይነጫነጫል፣ እኔም በየቀኑ መቀሴን አሳየዋለሁ። መጥተህ ቅደደው። ባዶ እጅህን ና።

ባለሱቁን ጠይቄዋለሁ፤ የሪሞት ዋስትና ስድስት ወር ነው። ከዚያ ካለፈ እኔ በርጩማ ይዤ ለማንም አልከራከርም።

አክስትህ፣ ልብስ ሰፊዋ